ሙክት ያስከፈለኝ ጠጠር

ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ እኔ ያን ጊዜ ሃምሳ ሁለት ዓመቴ። ዓመተ ምሕረቱን ለሚያውቅ ሰው ትቼዋለሁ፤ እኔ ዘመን የምቆጥረው በወንጌላዊና በገበያ ነው። በዚያ ዓመት ደብረ ታቦር ገበያ ላይ አንዷ ቆርቆሮ በሃያ አምስት ብር ትሸጥ ነበር፤ የላስቲክ ጫማ በስምንት ብር፤ ድንች ግን ዋጋ አልነበረውም፣ ገበሬው ተሸክሞ ወጥቶ ተሸክሞ የሚመለስበት ቀን ብዙ ነው። ወንዱ አረንጓዴ ካኪ ቁምጣ ለብሶ፣ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ዱላውን ማጅራቱ ላይ አጋድሞ ይሄዳል። ሬድዮ ያለው ሰው ገበያ ሲወጣ ሬድዮውን እንደ ሕፃን አቅፎ ነው የሚወጣው። ገሳይ ላይ ከመንገዱ ዳር አንዲት ጠጅ ቤት ነበረች፤ ቴፓቸው አንድ ካሴት ብቻ ስለነበረው የአንዲት ሴት ዘፈን ከጠዋት እስከ ማታ ይደጋገም ነበር። ያን ዘፈን ዛሬ ብሰማው እግሬ ብቻውን ወደ ገሳይ የሚሄድ ይመስለኛል።

ይህን ሁሉ ያስነሣብኝ የሰሞኑ ባጃጅ ነው። ዓይኔን ለመታየት ደብረ ታቦር ወጥቼ፣ ከሐኪም ቤት ወደ መናኸሪያ ስመለስ ሁለት ጎረምሶች አጠገቤ ተቀመጡ። ስለ ኳስ ተጫዋች ይከራከራሉ።

«ከሱ በላይ የሚጫወት የለም አልሁህ!» ይላል አንዱ።

«ዘንድሮ ስንት አገባ? እሱን ንገረኝ!» ይላል ሁለተኛው።

«ቁጥር ምን ያደርግልሃል? ኳስ ሲነካ እየው!»

ዝም ማለት ይገባኝ ነበር፤ ግን በሰማንያ ዓመቴም ዝም ማለትን አልተማርሁም። «ልጆቼ» አልኋቸው፣ «አንደኛችሁ ጠጠር አምጣ ይላል፣ ሁለተኛችሁ አበባ ይሰጠዋል። እንዲህ ሆናችሁ ጎንደር ብትደርሱም አትገናኙም።»

ጎረምሶቹ ተያዩ። ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝና «አባባ፣ ይህ ነገር ከወዴት የመጣ ነው?» አለኝ።

«ብነግርህ መናኸሪያው ያልፍሃል፤ ንዳ» አልሁት።

ለእሱ ያልነገርሁትን እዚህ ልጻፈው። እኔ ፊደል የቆጠርሁት ቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ዳዊት ሳልደግም አባቴ ለእርሻ ፈለገኝና ወጣሁ። ስለዚህ የምጽፈው እንደማወራው ነው፤ ያልጣመው ይተወው።

መንደራችን ከደብረ ታቦር ወደ ገሳይ ሲኬድ ከመንገዱ ገባ ብላ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች አንዲት ምንጭ አለች፤ ሰውም ከብትም ትምህርት ቤቱም ከእሷ ነበር የሚጠጣው። ከምንጯ በላይ ያለው ተዳፋት የእኔ ነው። ጤፍ አያበቅል፣ ገብስ አያበቅል፣ ደንጊያ ብቻ ነው፤ እኔ ግን ባሕር ዛፍ ተከልሁበትና አበቀለ። ሐሳቤ ዛፉን ሸጬ ቤቴን ቆርቆሮ ለማልበስ ነበር። በመንደራችን ያን ጊዜ ቆርቆሮ የለበሰው ቤተ ክርስቲያኑና ትምህርት ቤቱ ብቻ ነው። ሣር ቤቴ ደጅ ተቀምጬ ዛፎቹን ሳይ ቆርቆሮ የማይ ይመስለኝ ነበር፤ ነፋስ ቅጠላቸውን ሲያንሿሿው ደግሞ ዝናብ በቆርቆሮዬ ላይ ሲወርድ እሰማ ነበር። ዛሬ ይህን የምጽፈው ከቆርቆሮ በታች ተቀምጬ ነው። እውነቱን ለመናገር ዝናብ ሲመጣ ጩኸቱ ጸሎት አያስደርስም፤ ያን ጊዜ ግን ከዚያ ድምፅ የሚጣፍጥ ነገር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ዛፎቹ አደጉ፤ ምንጯ ቀጠነች። በበጋ ሴቶች እንስራቸውን ደርድረው ወረፋ የሚጠብቁበት፣ ጀሪካን ያላት ደግሞ እንደ ሀብታም የምትታይበት ጊዜ መጣ። ጎረቤቴ ደምሌ በምንጯ በታች በኩል የጓሮ አትክልት ነበረው። አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ቀን ተጠመቅን፣ አንድ ሰሞን ተዳርን፣ ግን ተስማምተን አናውቅም። ደምሌ «ምንጯን የጠጣት የጫኔ ባሕር ዛፍ ነው» ብሎ ለሽማግሌ ከሰሰኝ። ጫኔ እኔ ነኝ።

እኔ ደግሞ የምከሰስ ሰው አልነበርሁም። ሙግት ላይ የሚስተካከለኝ በአካባቢው አልነበረም፤ ይህን ሰው ሁሉ ያውቃል። ወሰን የተገፋበት፣ ጥሎሽ የተካደበት «አያ ጫኔ ይቁሙልኝ» እያለ ደጄን ይረግጥ ነበር። ጋቢዬን አደግድጌ ስነሣ ተቃዋሚዬ ገና ሳልናገር ውሃ ይጠማው ነበር። ስለዚህ የደምሌን ክስ ከኅዳር እስከ ሁዳዴ ጾም ድረስ አመላለስሁት። እሱ አንድ ሲል እኔ ሌላ እላለሁ፤ ሽማግሌዎቹ አንዴ በእሱ፣ አንዴ በእኔ ራሳቸውን እየነቀነቁ ለሌላ በዓል ይቀጥሩናል። ሽምግልና በእኛ ዘንድ የሚቀመጠው በበዓል ቀን ነው። በሥራ ቀን ማን ጊዜ አለው? ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ ኋላ ትመጣለች።

በዚያ ዓመት ነው ሰናይት የምትባል ወጣት መምህርት ከደሴ ተመድባ የመጣች። ቀጠን ያለች፣ ፀጉሯን በሻሽ የምታስር፣ ሸራ ጫማዋን ቅዳሜ ቅዳሜ አጥባ ጣራ ላይ የምታሰጣ። ልጆቹ «ቲቸር» ይሏታል። አንድ ከሰዓት በኋላ ደጄ ላይ ቆመች።

«ጋሽ ጫኔ፣ እንደምን ዋሉ?» አለች። በእኛ አገር «አያ» እንጂ «ጋሽ» አይባልም፤ ቢሆንም ወደድሁት።

«እግዜር ይመስገን። ግቢ፣ የኔ ልጅ።»

«አልቀመጥም። እናኑ ሁልጊዜ ታረፍዳለች፤ ለምን እንደሆነ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።»

እናኑ የመጨረሻ ልጄ ናት፤ ያን ጊዜ ሰባተኛ ክፍል። ስሟ ሲነሣ ደሜ ፈላ። «ልጄ ጎበዝ ናት፤ ስሟን አታጥፊ!» አልኋት።

«ጎበዝ መሆኗን ማን ካደ? ታረፍዳለች ነው ያልሁት።»

«ሰው ሁሉ ሴት ልጁን ሲድር እኔ ትምህርት ቤት የላክሁ ሰው ነኝ። እኔን እንዲህ ደጄ ድረስ መጥቶ መጠየቅ ነውር ነው!»

ልጅቱ አልደነገጠችም፤ ፈገግ አለች። «ጋሽ ጫኔ፣ እኔ የጠየቅሁዎ አንድ ነገር ነው፤ እርስዎ የመለሱልኝ ሁለት ሌላ ነገር ነው።»

እናኑ ከጓዳ ሆና «የውሃ ወረፋ ነው ቲቸር!» ብላ ጮኸች። «ምንጯ ቀጥናለች፣ እንስራዬ እስኪሞላ ደወል ይደወላል።»

«አዩት? መልሱ ይኸ ብቻ ነበር» አለች መምህርቷ። ከዚያ ወደ ሌላ ጉዳይዋ ገባች። ልጆቹን የክርክር ትምህርት እያስተማረቻቸው ነው። ሰው ሲከራከር የሚናገረው ነገር ሦስት ዓይነት ነው፣ ተከራካሪ የትኛውን እንደሚናገር ካላወቀ ክርክሩ አያልቅም ትላለች። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ብትጽፈው ልጆቹ ይገለብጡታል እንጂ አይገባቸውም። «ስለዚህ እውነተኛ ሙግት ላሳያቸው። የእርስዎና የጋሽ ደምሌ ሙግት የፊታችን ሚካኤል ይሰማል አሉኝ። ልጆቹ ዳር ቁጭ ብለው ቢያዳምጡ ይፈቅዱልኛል?»

እኔ እንዴት ደስ አለኝ! «አምጫቸው እንጂ!» አልሁ። «ሙግት ማየት ከፈለጉ እኔ ስሟገት ይዩ።»

ሚካኤል ዕለት ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ ከትልቁ ወይራ ሥር ተሰበሰብን። ሰብሳቢያችን ቄስ አበጀ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማር፣ ነገር በትዕግሥት የሚሰሙ ሰው። ልጆቹ በቀኝ በኩል ተደርድረው ተቀመጡ። መምህርቷ በሁለታችን ፊት አንዳንድ አጎዛ አነጠፈች። ልጆቹ እያንዳንዳቸው ጠጠር፣ አበባና ጭራሮ ይዘዋል። አበባው እንኳ ከእኔው ባሕር ዛፍ የተለቀመ ነጩ አበባ ነው። ቄሱ «ይህ ምንድን ነው?» ቢሏት «አባታችን፣ ሲያልቅ ልጆቹ ይነግሩዎታል» አለች።

ደምሌ ጀመረ። ደምሌ ሲናገር አንገቱ ሥር ያወጣል። «ባሕር ዛፉ ይቆረጥ! ሥሩ ይነቀል! ጫኔ ይካስ! ከእንግዲህ ወዲያ በዚያ ተዳፋት ላይ ችግኝ የተከለ ይቀጣ!» ልጆቹ አንድ በአንድ እየተነሡ ፊቱ ካለው አጎዛ ላይ ጭራሮ ጣሉ። ክምር ሆነ።

ደምሌ ጭራሮውን አየና ጥርሱ ታየ። «አየህ ጫኔ? ዱላው ላንተ ነው የተዘጋጀው!» አለ። ሰው ሳቀ።

ተራዬ ደረሰ። ተነሣሁ፤ ጋቢዬን አደግድጌ፣ ለቄሱና ለሽማግሌዎቹ እጅ ነሥቼ ጀመርሁ። ያን ቀን የተናገርሁትን ዛሬም ቃል በቃል አውቀዋለሁ። «የዚችን ምንጭ ዙሪያ በደንጊያ የከበበ አባቴ ነው። ከእሱ ወገብ የወጣ ሰው ውሃ አያደርቅም። ባሕር ዛፍ ትላላችሁ? ባሕር ዛፍ የድሃ ክብር ነው። ሲኖር ቤቱ ነው፣ ሲሞት ቃሬዛው ነው። ቀጥ ብሎ የሚያድግ፣ እንደ ደምሌ ልብ የማይጣመም እንጨት ነው። ደምሌን የሚያቃጥለው ውሃ አይደለም፤ የኔ ቤት ቆርቆሮ ሊለብስ መሆኑ ነው!» ሰዉ «እህህ!» እያለ አጀበኝ። ስቀመጥ ልጆቹ መጡና ፊቴ ያለውን አጎዛ በአበባ ሞሉት። ነጭ በነጭ ሆነ። እኔ የተሸለምሁ መስሎኝ ደረቴን ነፋሁ። እንዲያውም ወደ ደምሌ ዞሬ «ላንተ ጭራሮ፣ ለእኔ አበባ» አልሁት።

ቄስ አበጀ «እንግዲህ አስረዱን» አሉ። መምህርቷ ወደ ልጆቹ ስትመለከት እናኑ ተነሣች። የኔ እናኑ! ነጠላዋን መስቀልኛ አጣፍታ፣ እግሯን ገጥማ ቆመች። 

«አባታችን» አለች፣ «ጠጠር ማለት ሆኗል ወይም አልሆነም የሚባል ነገር ነው። ሄደው ያዩታል፣ ይነኩታል፣ ምስክር ይጠሩበታል። አበባ ማለት ይሻላል፣ ይከፋል፣ ያስከብራል፣ ያስነውራል የሚባል ነው። አንዱ ይወደዋል፣ ሌላው አይወደውም፤ የወደደው ለምን እንደወደደው መናገር አለበት። ጭራሮው ዱላ ነው። ይደረግ፣ ይቅር፣ ይቆረጥ፣ ይተከል የሚባል ነገር ነው፤ ሰው ይነዳል። ዱላ የያዘ ወዴት እንደሚነዳና ለምን እንደሚነዳ ይጠየቃል።» ወደ አጎዛዎቹ አመለከተች። «አያ ደምሌ የተናገሩት ሁሉ ዱላ ነው። አባየ የተናገሩት ሁሉ አበባ ነው። ከሁለቱም አንድ ጠጠር አላገኘንም።»

  ከኅዳር ጀምሮ የተሟገትሁትን ሙግት ልጄ በአንድ አፍታ አበጥራ ገለባውን ለብቻ አስቀመጠችው። ልቆጣት አፌን ከፈትሁ፤ ግን ፊቴ ያለው አጎዛ ላይ እውነትም ጠጠር የለም። ቄሱ ጢማቸውን እየዳሰሱ ይሥቃሉ። ደምሌም ጥርሱን ሰብስቧል።

እኔ እንግዲህ ተሸንፎ መቀመጥ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ብድግ አልሁ። «ጠጠር ነው የጠፋው?» አልሁ። «ይኸው ጠጠር! የኔ ዛፍ ሥር ምንጯ ዘንድ አይደርስም! ሙክት እሰጥ!»

«ገብቻለሁ!» አለ ደምሌ ከአፌ ነጥቆ።

ልጆቹ በአንድ ጊዜ ተነሥተው ጠጠር ወረወሩ፤ አጎዛው ላይ እንደ በረዶ ተንኳኳ።

መምህርቷ «ሙክት እሰጥ ምን ማለት ነው?» ብላ ጠየቀች። ቄስ አበጀ አስረዷት። በእኛ አገር ሙግት ሰው የተናገረውን በጣም ካመነበት «ሙክት እሰጥ» ወይም «ማር እሰጥ» ብሎ ያስይዛል። ሌላው «ገብቻለሁ» ካለ ውርርዱ ታሰረ፤ ምስክር ይሰማል፣ የተረታው ያስያዘውን ይሰጣል። እሰጥ አገባ የሚባለው ይኸው ነው። «ታዲያ ልጄ» አሏት ቄሱ፣ «‹ልጄ ቆንጆ ናት፣ በግ እሰጥ› የሚል ሰው የለም። ምስክር በማይፈታው ነገር አይወራረዱም።» መምህርቷ እጇን አጨበጨበች። «እንግዲህ ልጆች» አለች፣ «አንድ ነገር ጠጠር መሆኑን ማወቅ ስትፈልጉ፣ ሙክት እሰጥ ይባልበታል ወይ ብላችሁ ጠይቁ።» ልጆቹ «ሙክት እሰጥ!» እያሉ ተንጫጩ። እኔ ይህን ስሰማ ቁጣዬ በረደ። እሷ ያመጣችው ለእኛ ሠራ፣ የእኛም ለእሷ ሠራ።

«ምስክሩስ ማነው?» አሉ ቄሱ። «ከመሬት በታች ያየ ሰው የለ።»

«ሥሩ ራሱ ይመስክር» አለች እናኑ። «ይቆፈር።»

«ልጄ፣ ዛሬ ሚካኤል ነው። በበዓል መሬት አይነካም።»

«ችግሩማ እሱ ነው አባታችን» አለች። «ሙግቱ ሁልጊዜ በበዓል ነው የሚሰማው። እስከ ዛሬ አንድም ሰው ዶማ ይዞ ያልመጣው ለዚህ ነው። የሥራ ቀን ይቀጠርልን።»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እኔና ደምሌም፣ ከተጠመቅን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ በአንድ ሐሳብ ተያየን። እውነቷን ነው! ከኅዳር እስከ ሁዳዴ ያን ሁሉ በዓል ከወይራው ሥር ስንጨቃጨቅ ምንጯ ቢጣሩ በሚሰማበት ርቀት ላይ ነበረች፤ ዶማ ግን ማንም አላነሣ። በበዓል ዶማ አይነሣም፣ በሥራ ቀን ደግሞ ስለ ሙግት የሚያስብ የለም። ቀኑን መቅጠርም ራሱን የቻለ ሙግት ሆነ፤ ማግሥቱ እግዚአብሔር አብ ነው፣ ከዚያ አቡነ አረጋዊ፣ ከዚያ ቂርቆስ፣ ከዚያ ኪዳነ ምሕረት። ብቻ እኛ ደብር የማይከበርበት አንድ ቀን ተገኘና ተቀጠረ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ወሬውን ቀድማ ሰምታለች። ሙክቱ ለፋሲካ የቀለብነው፣ ላቱ መሬት የሚነካ፣ እሷ በእጇ ያሰባችው ነው። «አንተ ሰው» አለችኝ፣ «ፋሲካን በምላስህ ልንፈስክ ነው?»

«አልረታም» አልኋት።

«እናኑ ተነሥታብህ?» አለች፤ ሣቋን ለመደበቅ ፊቷን አዞረች።

የቀጠሮው ቀን ሰዉ ከነዶማው መጣ። መምህርቷም ልጆቹን ይዛ መጣች። አንዱ አንዱን እንዳይጠረጥር እኔና ደምሌ ሁለታችንም እንድንቆፍር ተፈረደ። ከምንጯ ዓይን ጀመርን፤ ጭቃውን ስናወጣ ሥር ተገኘ። የክንድ ውፍረት ያለው፣ ጫፉ እንደ ጢም የተንጨባረረ፣ ከነሕይወቱ ውሃው ውስጥ የተኛ። ሴቶቹ «ኧረ!» አሉ። እኔ ግን «ሥር ሁሉ የጫኔ ነው ያለ ማነው? ተከተሉት!» አልሁ። ሥሩን እየተከተልን ወደ ላይ ቆፈርን። አንድ ቦታ ላይ ወደ ደምሌ አጥር ታጠፈ፤ እዚያ ደግሞ ደምሌም ጥቂት ባሕር ዛፍ ነበረው። «እልል በሉ!» ብዬ ጮኽሁ፣ ዶማዬን ጥዬ ለመዝለል ቃጣኝ። ደምሌ ገረጣ። ትንሽ እንደቆፈርን ግን ሥሩ አንድ ትልቅ ደንጊያ ዞሮ ተመለሰና ቀጥ ብሎ ከእኔ ዛፍ ግንድ ሥር ገባ። ከታችኛው ረድፍ፣ ለምንጯ ቅርብ ከሆነው፣ ከሁሉም ከወፈረው ዛፌ።

 እናኑ መጥታ ከፊቴ ቆመች፤ እጇ ላይ ጠጠር አለ። ላብና አፈር የሞላው ፊቴን ቀጥ ብላ አየችኝ። ዓይኗን አልሰበረችም፣ አልሣቀችብኝም፣ አላዘነችልኝምም። ጠጠሩን ከተቆፈረው ሥር ላይ አኖረችውና ወደ ቦታዋ ተመለሰች። በሕይወቴ ብዙ ዳኛ ፊት ቆሜያለሁ፤ እንደዚያ ያለ ፍርድ ግን አላየሁም። ደረቴ ውስጥ የሆነ ነገር ሞቀኝ። የተረታሁት እኔ ነኝ፤ የሞቀኝም እኔ ነኝ።

ደምሌ ጊዜ አላጠፋም። «እንግዲህ ተፈረደ! ዛፉ ሁሉ ይቆረጥ!» አለ።

«ቆይ!» አልሁት። ዶማዬን ተደግፌ ቆምሁ። «ጠጠሩ ያንተ ነው። ሙክቱን ውሰድ፤ አልከራከርህም። ዱላውን ግን ገና አልረታህበትም! የአንድ ዛፍ ሥር ምንጯ ዘንድ ተገኘ ማለት ዛፍ ሁሉ ይቆረጥ ማለት ነው? ለምን? እስከ የት ድረስ? አስረዳ!»

ልጆቹ መምህርታቸውን አዩ። መምህርቷ «ልክ ናቸው» አለች፤ «ጠጠርና ዱላ አንድ አይደሉም። አያ ደምሌ፣ ይመልሱ።» ያን ቀን ነው መጀመሪያ «አያ» ስትል የሰማኋት። እናኑን አየኋት፤ ሣቋ አልደበቅ ብሏታል።

ደምሌ «ይቆረጥ ብያለሁ!» ብሎ ደገመ። ቄስ አበጀ ገቡበት። «ከዱላው በፊት አንዲት አበባ ልጠይቅ» አሉ። «ለዚህ አገር ውሃ ይበልጣል ወይስ ቆርቆሮ? ሙክት አያስፈልግም፤ ከነምክንያቱ ብቻ ተናገሩ።»

ሰዉ እኔን አየ።  የታችኛው ረድፍ ዛፍ የጣራዬ ግማሽ ነበር። «ውሃ ይበልጣል» አልሁ። «ሣር ቤት ውስጥ ይኖራል። እንስራ ሳይሞላ ግን ልጅ ትምህርት ቤት አይደርስም።»

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀላል ሆነ። ከትልቁ ደንጊያ በታች ያለው ዛፍ ከነጉቶው ይነሣ፣ የደምሌም ለምንጯ የቀረበው ይነሣ፣ ከደንጊያው በላይ ያለው ይቅር፣ ወደፊት ማንም ከደንጊያው በታች ባሕር ዛፍ እንዳይተክል ተባለ። ደንጊያውን ወሰን ይሁን ያልሁ እኔ ነኝ። ደምሌ እንኳ እንቢ አላለም። ከኅዳር ጀምሮ የተጓተተ ሙግት ለምሳ ሰዓት አለቀ።

ምንጯ ወዲያው ተመለሰች አልልም፤ ያልሆነ ነገር አልናገርም። ክረምት አለፈና በሚቀጥለው በጋ እንስራው ቶሎ ቶሎ መሙላት ጀመረ። ዝናቡ ይሁን ዛፉ፣ በእሱ ላይ ሙክት አላስይዝም። ዛሬ የቦኖ ውሃ ገብቶ ልጆቹ ከቧንቧ ነው የሚቀዱት፤ ምንጯ ለከብት ቀርታለች፣ ደንጊያው ግን እስከ ዛሬ ወሰን ነው። ቆርቆሮው ከታሰበው ዘግይቶ መጣ፣ ዋጋውም እጥፍ ድርብ ሆኖ ጠበቀኝ። መምህርት ሰናይት ወደ አገሯ ተዛወረች፤ ስትሄድ ሴቶቹ አለቀሱ። እናኑ ደግሞ ተማረች። አልተዳረችም፣ አልቀረችም፣ ተማረች። ይፋግ አስተማሪ ናት፤ ልጆቿን ጠጠር፣ አበባ፣ ዱላ እያስያዘች ታከራክራቸዋለች አሉ። ባለፈው ዓመት ጣራ ገዳም ልሳለም ሄጄ በዚያው ትምህርት ቤቷ ጎራ ብዬ ነበር። በመስኮት ሰማሁ፤ አንዲት ትንሽ ልጅ «ሙክት እሰጥ!» ብላ ስትጮህ። በሩን ሳላንኳኳ ብዙ ቆምሁ። ዘበኛው «ማንን ፈለጉ አባት?» ቢለኝ «ማንንም አልፈለግሁም፣ የምሰማውን እየሰማሁ ነው» አልሁት።

ስለ ማግሥቱ ልንገራችሁና ላብቃ። ሥሩ በተገኘ ማግሥት ገና ዶሮ ሲጮህ መጥረቢያዬን ይዤ ወደ ተዳፋቱ ወረድሁ። ያን ወፍራሙን ዛፍ በገዛ እጄ ጣልሁት። ከዚያ ሙክቱን ጎትቼ ደምሌ ደጅ ካለው ችካል ላይ አሰርሁት። ደምሌ ጋቢውን እንደተከናነበ ወጣ። «ሰው እስኪነጋ አይጠብቅም?» አለኝ።

«ተረትቼ ላድር? በል ና፣ ከጣልሁት ዛፍ የቆረጥሁትን ግንድ ከአንድ ወገን ያዝልኝ።»

«ወዴት?»

«ትምህርት ቤት። ልጆቹ ደንጊያ ላይ ነው የሚቀመጡት።»

እኔ ከፊት እሱ ከኋላ ሆነን ግንዱን ተሸከምነው፤ «ቀስ በል»፣ «አንተ ፍጠን» እየተባባልን ተጓዝን። ትምህርት ቤቱ ግቢ ስንደርስ ልጆቹ ለሰልፍ ቆመዋል። ግንዱን መሬት ላይ ጣልነውና ላቤን ጠርጌ ወደ መምህርቷ ዞርሁ። «ይህ ለመቀመጫ ይሁን» አልኋት። «እናኑም ከፊት ትቀመጥ።»

«ዱላ!» አሉ ልጆቹ በአንድ ድምፅ።

«ምክንያቱስ፣ አያ ጫኔ?» አለች መምህርቷ።

«ከአባቷ የበለጠች ተሟጋች ናት።»

«አበባ!» ብለው ጮኹ ልጆቹ።

«የምን አበባ!» አልኋቸው። «ጠጠር ነው! ያላመነ ደምሌ ደጅ ይሂድ፤ ምስክሩ ታስሮ ቆሟል።»